አረንጓዴው ደብተር

ሞንፋልኮኔ ወደብ፣ ቦራ ሲነሣበት፣
ሰው ኮፍያውን ይዞ ይሮጣል ወደ ቤት፤
እኔ ግን ያን ዘመን፣ ከመርከብ ሆድ ሥር፣
ነፋስ አያገኘኝ፣ ከብረት ስማከር።

በያጅ ነበርኩ፣ በያጅ! ያውም የተመረጥኩ፣
መስመሬ ክር መሳይ፣ በማንም ያልታረምኩ።
አለቃው ቆም ብሎ፣ ስፌቱን ዳብሶ፣
"የማን እጅ ነው?" ይላል፣ ወደኔ ተመልሶ።

ኤጂዲዮ ቅዳሜ፣ ምሳ ሰዓት ላይ፣
ይመጣል ደብተር ይዞ፣ ቀራጭ መሳይ፤
ሽፋኑ አረንጓዴ፣ ጠርዙ ዘይት የጠጣ፣
እርሳሱ ከጆሮው፣ ከቦታው የማይወጣ።
"ቱሊዮ፣ ማኅበር ግባ፤ ሳንቲም ናት የሳምንት፣
ጭምብል እንጠይቃለን፤ ሐኪምም በየዓመት።"
እኔም ሁለት እጄን ዘርግቼ በኩራት፣
"ማኅበሬ ይኸውልህ፣ አሥር አባል አሉት!"

ሁሉም ሳቁ። ኤጂዲዮም ሳቀ።
እርሳሱን አወረደና አንድ ነገር ጻፈ።
ምን እንደሆነ አልጠየቅኩትም።

ከላያችን ደግሞ፣ ቧንቧ የሚያለብሱት፣
ነጩን ጥጥ መሳይ ቀደው ሲያራግፉት፣
ብናኙ ይወርዳል፣ ዳቦዬ ላይ ያርፋል፣
"በረዶ ነው" እያለ፣ ወንድ ሁሉ ይስቃል።
ስሙን የነገረን አልነበረም ያኔ፤
አስቤስቶስ ሲሉኝ፣ የቅዱስ ስም መሰለኝ ለእኔ።

አልዋሽም፦
የሙያ ደረጃው ክፍያ ሲጨመር፣
የእኔም ፖስታ ወፈረ፣ እነሱ ሲቆሙ በበር።
ትርፍ ሰዓት ተቆጠረ፤ ጓንት መጣ፤ ሻወር መጣ፤
ለእኔም ደረሰኝ፣ አንድ ሳንቲም ሳላወጣ።
"ጎበዝ ስለሆንኩ ነው" ብዬ ለኦንዲና አወራሁ።
ኦንዲና ዝም አለች።
የሥራ ልብሴን በመስኮት ታራግፍ ነበር፣
ብናኙ በፀሐይዋ ውስጥ እየተንሳፈፈ።

ሠላሳ ዓመት ዝም አለ። ከዚያ ሳል ጀመረ፣
አስቀድሞ ከእርሷ፣ ከዚያ እኔ ጋ አደረ።
እርሷን በኅዳር ቀበርኳት።
እኔን በጥር ኤክስሬይ አነሡኝ።

ድርጅቱ ቢሮ ሄድኩ። ልጅቷ ትሑት ነበረች፤
ወንበር ሰጠችኝ፣ ውኃም ቀዳችልኝ፣ እንዲህም አለች፦
"በዚያ መርከብ ላይ መሥራትዎን መዝገቡ አያሳይም፤
ፋይሉን ጎርፍ ወስዶታል። ሌላ ማስረጃ የለዎትም?"
እጆቼን አየኋቸው፣ አሥሩን አባላቴን፤
አንዱም አልመሰከረ፣ ያን ሁሉ ዓመቴን።
ለካ ጎበዝ እጅም ብቻውን ሲሆን አመድ አፋሽ ነው።

የማኅበሩ ቢሮ ከጫማ ሠሪው ሱቅ በላይ ነው፤
ደረጃው አሥራ ዘጠኝ፣ ሦስቴ ቆሜ ተነፈስኩበት።
ኒቬስ የምትባል ኤሌክትሪክ ሠራተኛ፣
ከቁም ሣጥን አናት አቧራ ጠርጋ አወረደችው።
ኤጂዲዮ ከሞተ አሥራ አራት ዓመቱ፣
አልደበዘዘም ግን የእርሳሱ ጽሕፈቱ፦

"መጋቢት። ቀፎ ቁጥር አሥራ አንድ አርባ። ሞተር ክፍል፣ ታች።
ብናኝ ብዙ። ጭምብል የለም።
ቱሊዮ፣ በያጅ። አልከፈለም።
አብሮን ነበር።"

ገለጠች። የሚቀጥለው ቅዳሜ፦
አልከፈለም። አብሮን ነበር።
ገለጠች። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ፦
አልከፈለም። አብሮን ነበር።

ያን ቀን በእኔ ሲሳቅ አልነበረም ማለት ነው፤
እኔ ራሴን ስቆጥር፣ እሱ እኔን ቆጠረኝ።

"ስንት አለብኝ?" አልኳት፣ ቦርሳዬን ፈትቼ።
"የዛሬውን ብቻ" አለችኝ።
ጠበቃው ደብተሩን ተቀበለ፣
አራስ ልጅ እንደሚታቀፍ፣ በሁለት እጁ። ዋጋ አልጠየቀም።

አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ ከወደቡ በር ላይ ነኝ።
ሞፋዛል የሚባል፣ ከባንግላዴሽ የመጣ፣
በንዑስ ተቋራጭ የተቀጠረ አንድ ልጅ አለ፤
መስመሩን አየሁት፤ የኔን ያስንቃል።
"ማኅበር አልፈልግም" አለኝ፣ በተሰባበረ ጣልያንኛ፣
መዳፎቹን እያሳየኝ።

ሳቅሁ። ሳሉ እስኪያቋርጠኝ ሳቅሁ።
እርሳሴን ከጆሮዬ አወረድኩ።
"ግድ የለም" አልኩት። "የትኛው መርከብ ላይ ነህ?
ስንተኛው ወለል?
ስምህስ እንዴት ነው የሚጻፈው?"